በሕፃናት ካንሰር ዋርድ ነርስና ሐኪም እንደ አንድ ቡድን እንዲሠሩ፦ ከዝግጅት እስከ ክትትል

ይህ መመሪያ የሕፃናት ካንሰር ዋርድ ለሚመሩ ሄድ ነርሶች፣ ሬዚደንቶች (በስፔሻሊቲ ትምህርት ላይ ያሉ ሐኪሞች) እና ሲኒየር ሐኪሞች ነው። ችግሩን የማያውቅ የለም። የሁለት ቀን የቡድን ሥራ ሥልጠና ይሰጣል፣ ሰርተፍኬት ይታደላል፣ በሳምንቱ ሐኪሞቹ ብቻቸውን ራውንድ (የዕለቱን የታካሚዎች ጉብኝት) ይዞራሉ፣ ነርሷም ኦርደሩን (የሐኪሙን ትእዛዝ) ከቻርት ላይ ትለቅማለች። ሥልጠናው ሰዎቹን መከረ እንጂ የዕለቱን የሥራ ቅደም ተከተል አልነካም።

ነርስ ለሥራዋ የምትነሳሳው ያየችው ነገር የልጁን ሕክምና ሲለውጥ ስታይ ነው። ስምንት ሰዓት ሙሉ አልጋው አጠገብ ቆማ ያየችውን የሚጠይቃት ሰው ከሌለ ግን፣ የቱንም ያህል ብትመሰገን ልቧ ከሥራው ይወጣል። ስለዚህ ከታች ያሉት ደረጃዎች የነርሷ ቃል ውሳኔ ውስጥ የሚገባበትን ቦታ በሥራው ላይ ያስቀምጣሉ። (ነርሷ ስንል ወንዱንም ነው።)

ሁሉንም በአንድ ሰኞ አትጀምሩ። አንዱ ሁለት ሳምንት ሳይቋረጥ ከሄደ በኋላ ወደሚቀጥለው እለፉ።

ደረጃ 1፦ ዝግጅት

ከመጀመራችሁ በፊት እነዚህን ጨርሱ።

1. ሦስት ሰው ምረጡ። ሄድ ነርስ፣ አንድ ሲኒየር ሐኪምና የኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ፋርማሲስት። ሲኒየር ሐኪም የሌለበት ቡድን አትመሥርቱ። ሬዚደንቱ የሚከተለው ሲኒየሩን ነው፤ ሲኒየሩ ነርሷን ካልጠየቀ ሬዚደንቱም አይጠይቅም።

2. በየሺፍቱ ስንት ነርስ እንዳለ ቁጠሩ። ዓለም አቀፉ የሕፃናት ካንሰር ሕክምና ማኅበር (ሲዮፕ) ያወጣው ዝቅተኛ መመዘኛ በካንሰር ዋርድ ለ5 ልጆች 1 ነርስ ነው። 20 አልጋ ካለ 4 ነርስ ማለት ነው። የማታው ሺፍት ብዙ ጊዜ ከዚህ በታች ነው። ቁጥሩን ዛሬ ማስተካከል ባትችሉም በወረቀት ያዙት፤ ከሆስፒታሉ አስተዳደር ጋር ስትነጋገሩ የምታቀርቡት ማስረጃ እሱ ነው።

3. ያለፉትን 10 የትኩሳት ቻርቶች አውጡ። ትኩሳቱ የተለካበትንና የመጀመሪያው አንቲባዮቲክ የገባበትን ሰዓት ጎን ለጎን ጻፉ። ሰዓቱ ያልተጻፈበት ቻርት ካለ እሱም መቆጠር ያለበት ውጤት ነው።

4. በአንድ የሰዓት አጻጻፍ ተስማሙ። አንዱ በእኛ አቆጣጠር «3፡00» ይጽፋል፤ ሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር ያነበዋል። የስድስት ሰዓት ልዩነት ነው። በዚህ ምክንያት መድኃኒት ሊደገም ወይም ሊዘለል ይችላል። አንዱን ምረጡ፣ በቻርቱ ራስጌ ላይ አትሙት፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓትም ከእሱ ጋር አስማሙ። የቀኑንም ነገር እንዲሁ ወስኑ፤ የኬሞ ዑደት በኢትዮጵያና በፈረንጅ ቀን ተደባልቆ ከተጻፈ ቀን መቁጠር አይቻልም።

5. ለሜትሮኗ (ለሆስፒታሉ የነርሶች ኃላፊ) ደብዳቤ ጻፉ። ኬሞ መስጠት የተማረች ነርስ በዓመቱ ወደ ሌላ ዋርድ እንዳትዛወር ጠይቁ። ሲዮፕም የሠለጠነች የካንሰር ነርስ በየዋርዱ እንዳትዘዋወር ይመክራል። ይህ ካልተፈታ ቡድኑን በየዓመቱ እንደ አዲስ ትገነባላችሁ።

ደረጃ 2፦ ራውንዱን ነርሷ ትክፈተው

ከሁሉም ደረጃዎች ርካሹ ይህ ነው፤ አብዛኛው ዋርድ የሚወድቀውም እዚሁ ነው።

ሰዓቱን ቁረጡ። ለምሳሌ ጠዋት 2፡30። ከዚያ በፊት የጠዋቱ መድኃኒት የሚሰጥበትን ሰዓት ተመልከቱ። መድኃኒቱ የሚሰጠው 2፡30 ከሆነ ነርሷ ራውንድ ላይ ልትገኝ አትችልም፤ «ነርሶቹ አይመጡም» የሚባለው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ይኸው ነው። አንዱን ሰዓት አንቀሳቅሱ።

ቅደም ተከተሉ፦

1. ልጁን የያዘችው ነርስ በመጀመሪያ ትናገራለች። ከአንድ ደቂቃ ተኩል አይበልጥም።
2. አምስት ነገር ትናገራለች፦ የሌሊቱን ከፍተኛ ትኩሳት፣ የበላውንና የጠጣውን (የሽንቱንም መጠን)፣ ሕመሙን፣ የካኑላውን (በደም ሥር የገባውን ቱቦ) ሁኔታ፣ አስታማሚው የጠየቀውን ወይም የሰጋበትን።
3. በመጨረሻ አንድ ዓረፍተ ነገር ታክላለች፦ «እኔን ዛሬ ያሳሰበኝ...»
4. ሬዚደንቱ የላብራቶሪ ውጤቱንና ዕቅዱን ያቀርባል።
5. ሲኒየሩ ከወሰነ በኋላ ነርሷ የዛሬውን ዕቅድ መልሳ ትናገራለች። ያልተስማማ ነገር ካለ እዚያው ይስተካከላል።

ቋንቋ። ራውንዱ በእንግሊዝኛ ለተማሪዎች የሚካሄድ ከሆነ ነርሷ የራሷን ክፍል በአማርኛ ትናገር። ስለ ሰዋስው ስትጨነቅ «ልጁ ከትናንት ጀምሮ ዓይኑን አይገልጥም» የሚለውን ዋጥ አድርጋው ታልፋለች።

ሲበላሽ፦

*ነርሷ ዝም ካለች።* «የምትጨምሪው አለ?» አትበሉ፤ መልሱ «የለም» ነው። «ሲስተር፣ ሌሊት ስንት ጊዜ ሸና?» ብላችሁ የተለየ ነገር ጠይቁ። ይሉኝታ የሚሰበረው መልስ ያለው ጥያቄ ሲቀርብ ነው።

*ሐኪሙ በመሐል ካቋረጣት።* ሲኒየሩ «ትጨርስ» ይበል። ሄድ ነርሷ ከራውንድ በኋላ ከምትናገረው ይልቅ ይህች አንድ ቃል ትሠራለች።

*አንዲት ነርስ 12 ልጅ ይዛ ከሆነ።* ለሁሉም አትናገር። ከራውንዱ በፊት በጣም የሚያሰጓትን 4 ልጆች ትምረጥ፣ በእነሱ ይጀመር።

ደረጃ 3፦ የትኩሳት ሰዓት

ኬሞ የሚወስድ ልጅ ኒውትሮፊሉ (ኢንፌክሽን የሚዋጋው ነጭ የደም ሴል) በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ500 በታች ሲወርድ ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ሊገድለው ይችላል። ግቡ ትኩሳቱ ከታየ በ60 ደቂቃ ውስጥ የመጀመሪያው አንቲባዮቲክ በደም ሥር መግባት ነው። ነርስ ብቻዋን አታደርገውም፤ ሐኪምም ብቻውን እንዲሁ። ቡድናችሁ መሥራት አለመሥራቱ የሚለካው እዚህ ነው።

አስቀድማችሁ አዘጋጁ

- ቋሚ ኦርደር። ሲኒየሩና የሕፃናት ክፍል ኃላፊው ፈርመውበት፣ ነርሷ ሐኪም ሳትጠብቅ ካኑላ እንድታስገባ፣ ደም እንድትቀዳና የሆስፒታሉ ፕሮቶኮል የመረጠውን የመጀመሪያ አንቲባዮቲክ በልጁ ክብደት ልክ እንድትጀምር የሚፈቅድ። የመጠን ሠንጠረዡ በኪሎ ተሠልቶ ይለጠፍ፤ የአለርጂ ጥያቄም አብሮ ይታተም።
- የትኩሳት ሳጥን። ካኑላ (22 እና 24 ጌጅ)፣ የደም ካልቸር (ጀርም የሚፈለግበት ምርመራ) ጠርሙስ፣ የሲቢሲ (የደም ሴል ቆጠራ) ቱቦ፣ አልኮል፣ ፕላስተር፣ ሲሪንጅ፣ ሴረም (በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ)፣ ለ24 ሰዓት የሚበቃ አንቲባዮቲክ፣ ቴርሞሜትር። በየሺፍቱ ርክክብ ይቆጠራል። የተነካ ሳጥን በዚያው ሺፍት ይሞላል።
- የስልክ ዝርዝር። ዲዩቲ (ተረኛ) ሬዚደንት፣ ሁለተኛ ተጠሪ፣ ሲኒየር። በየሳምንቱ ይታደሳል።

ቅደም ተከተል

*0 ደቂቃ።* በብብት ለኩ። አንድ ጊዜ 38.3 ወይም ከዚያ በላይ፣ ወይም 38.0 ሆኖ አንድ ሰዓት ከቆየ ትኩሳት ነው። ሰዓቱን ጻፉ። ብርድ ብርድ ያለው፣ የፈዘዘ ወይም እጅና እግሩ የቀዘቀዘ ልጅ ሙቀቱ 37.5 ቢሆንም እንደ ትኩሳት ቁጠሩት፤ ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን የሚወስድ ልጅ ኢንፌክሽን ይዞት እንኳ ላይሞቀው ይችላል።

*እስከ 10 ደቂቃ።* የልብ ምት፣ ትንፋሽ፣ የደም ግፊት፣ የደም መመለሻ ጊዜ (ጣት ተጭኖ ሲለቀቅ ከ2 ሴኮንድ በላይ ከቆየ አደገኛ)። ሌላዋ ነርስ ለሐኪሙ ትደውላለች።

*እስከ 30 ደቂቃ።* ካኑላ፣ ካልቸርና ሲቢሲ።

*እስከ 60 ደቂቃ።* አንቲባዮቲክ ይገባል። የሲቢሲ ውጤት አትጠብቁ። ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ ልጁን ኒውትሮፊሉ የወረደ አድርጋችሁ ያዙት።

*ከዚያ በኋላ።* ሐኪሙ መጥቶ ልጁን ያያል፣ ኦርደሩን ይፈርማል፣ አንቲባዮቲኩ የገባበትን ሰዓት ከነርሷ ጋር ያመሳክራል።

አታድርጉ፦ ሙቀት በፊንጢጣ አትለኩ፤ በፊንጢጣ የሚገባ መድኃኒትም አትስጡ። በጡንቻ መርፌ አትውጉ። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን አትስጡ፤ ፕላትሌት (ደም የሚያረጋው ሴል) በወረደበት ልጅ ላይ ደም ያፈስሳሉ።

ሲበላሽ፦

*ካኑላ እምቢ ካለ።* አንዲት ነርስ ከሁለት ጊዜ በላይ አትሞክር። ሌላ ሰው ይጠራ። ልጁ ሾክ (የደም ዝውውሩ በአደገኛ ሁኔታ የተዳከመበት) ውስጥ ከሆነ በአጥንት ውስጥ የሚገባውን መርፌ ሐኪሙ ይወስን።

*ካልቸር ጠርሙስ ከሌለ።* አንቲባዮቲኩን አታዘግዩ። «ካልቸር አልተቀዳም፣ ጠርሙስ የለም» ብላችሁ ጻፉና ቀጥሉ።

*መድኃኒቱ ከውጭ ይገዛ ከተባለ።* የመጀመሪያው ዶዝ ከሳጥኑ ይሰጥ፤ አባትየው የሚገዛው ሳጥኑን ይተካ። ገንዘብ የሌለው ቤተሰብ ከሆነ በዚያው ሰዓት ለማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ ይነገር።

*ልጁ ከቤት ከመጣና ድንገተኛ ክፍል ከተያዘ።* ይህ ትልቁ የጊዜ ማፍሰሻ ነው። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ «ይህ ልጅ ኬሞ ይወስዳል፤ ትኩሳት ካለው በ60 ደቂቃ ውስጥ አንቲባዮቲክ ያስፈልገዋል» የሚል የዋርዱ ስልክ ያለበት ካርድ ስጡ። እናትየው ካርድ ክፍል ሰልፍ ሳትይዝ ወረቀቱን እንድታሳይ በቃል አስረዷት። ከመምጣቷ በፊት ሙቀቱን ሳትለካ ፓራሲታሞል እንዳትሰጠው ንገሯት፤ ትኩሳቱን ይደብቀዋል።

ደረጃ 4፦ ኬሞን ሁለት ሰው ለየብቻ ያስላ

«ደብል ቼክ» ተብሎ የሚደረገው ብዙ ጊዜ ሁለተኛዋ ነርስ የመጀመሪያዋን ወረቀት አይታ «ልክ ነው» ማለቷ ነው። ያ ፊርማ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። ለየብቻ ማለት ሁለተኛዋ መልሱን ሳታይ ከባዶ ታስላለች ማለት ነው።

1. ክብደትና ቁመት በዚያው ዑደት ይለካ። ካለፈው ወር አይገልበጥ።
2. የሰውነት ስፋቱን አስሉ፦ ቁመት (ሴ.ሜ.) በክብደት (ኪ.ግ.) ተባዝቶ ለ3600 ይካፈል፣ የውጤቱ ካሬ ሥር ይወሰድ።
3. ምሳሌ፦ 100 ሴ.ሜ.፣ 16 ኪ.ግ.። 1600 ለ3600 ሲካፈል 0.444፤ ካሬ ሥሩ 0.67 ካሬ ሜትር። ቪንክሪስቲን (አንዱ የኬሞ መድኃኒት) በ1.5 ሚ.ግ. በካሬ ሜትር ከታዘዘ 1.0 ሚ.ግ. ይሆናል። ማንኛውም ልጅ በአንድ ጊዜ ከ2 ሚ.ግ. አያልፍም።
4. ክብደቱ በስህተት 26 ተብሎ ቢጻፍ ውጤቱ ወደ 1.3 ሚ.ግ. ይዘላል። ሁለተኛዋ ነርስ ከተሳሳተው ቁጥር ተነሥታ ብታሰላ ስህተቱ አይያዝም። ስለዚህ ልጁን በዓይን ተመልከቱ፦ ይህ የ26 ኪሎ ልጅ ነው?
5. ሐኪሙ፣ ፋርማሲስቱና ነርሷ ያገኙት ቁጥር ከ5 በመቶ በላይ ከተለያየ መድኃኒቱ አይዘጋጅም።

የማቆም መብት። «ይቁም» የምትል ነርስ ምክንያቷን ባታውቀው እንኳ ሥራው ይቆማል፣ ሐኪሙ ይመጣል፣ አብረው ያያሉ። ልክ ባትሆንም «አመሰግናለሁ» ተብላ ትሸኛለች። አንድ ጊዜ ከተቆጣችኋት በሚቀጥለው አትናገርም፤ የሚቀጥለው ደግሞ እውነተኛው ስህተት ሊሆን ይችላል።

የቃል ኦርደር ለኬሞ የለም። በስልክም፣ በቴሌግራምም፣ ኮሪደር ላይም።

ቪንክሪስቲንና የጀርባ መርፌ (በአከርካሪ የሚሰጥ ኬሞ)። ቪንክሪስቲን በደም ሥር ብቻ ይሰጣል። በአከርካሪ ከገባ ይገድላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 ባወጣው ማስጠንቀቂያ በሲሪንጅ ሳይሆን በትንሽ የሴረም ከረጢት ተበርዞ እንዲዘጋጅ መክሯል። ለልጁ የጀርባ መርፌ የሚሰጥበት ክፍል ውስጥ ቪንክሪስቲን በጭራሽ አይግባ። ሁለቱ በአንድ ቀን ከተያዙ የጀርባው ተሰጥቶ ልጁ ከክፍሉ ከወጣ በኋላ ብቻ ፋርማሲው ቪንክሪስቲኑን ይልቀቅ። ሐኪሙ መርፌውን ከመጫኑ በፊት ነርሷ ስሙን፣ መድኃኒቱን፣ መንገዱን ጮክ ብላ ታነባለች፣ እሱም ይደግማል።

ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ (ልጁ «አቃጠለኝ» ካለ ወይም ቆዳው ካበጠ)፦ ወዲያው አቁሙ። ካኑላውን አትንቀሉ። በሴረም አታጥቡት። በሲሪንጅ የሚወጣውን ሳቡ፣ ከዚያ ንቀሉ። ለቪንክሪስቲን ደረቅ ሙቀት፣ ለዶክሶሩቢሲንና ለዳውኖሩቢሲን ቀዝቃዛ አድርጉ። ጠርዙን በእስክሪብቶ አክብቡ፣ ሐኪም ጥሩ፣ ሰዓቱን ጻፉ።

ነፍሰ ጡርና የምታጠባ ነርስ ኬሞ አታዘጋጅ። ጓንትና ጋውን ከሌለ ማንም አያዘጋጅ። ይህን «ዛሬ እንደምንም እንለፈው» ማለት ነርሶችን ከዋርዱ የሚያሸሽ ነገር ነው፤ ስለ ተነሳሽነት እያወራን ጓንት ካላቀረብን ማንም አያምነንም።

ደረጃ 5፦ ነርሷ ለሐኪሙ እንዴት እንደምትደውል

አራት ዓረፍተ ነገር፣ በዚህ ቅደም ተከተል፦

1. *ማን፦* «ዶክተር፣ ከሕፃናት ካንሰር ዋርድ ነው። አልጋ 7፣ የ5 ዓመት ልጅ፣ የደም ካንሰር፣ ኬሞ ከጀመረ 10ኛ ቀኑ።»
2. *ምን ሆነ፦* «ሙቀቱ 38.9፣ የልብ ምቱ 160፣ እጁ ቀዝቅዟል።»
3. *ምን ይመስለኛል፦* «ኢንፌክሽን ይዞት ወደ ሾክ እየሄደ ይመስለኛል።»
4. *ምን እፈልጋለሁ፦* «በ10 ደቂቃ ውስጥ መጥተው እንዲያዩት እፈልጋለሁ። አንቲባዮቲክ እየጀመርኩ ነው።»

ሦስተኛውና አራተኛው ይከብዳሉ። ነርሷ «የእኔ ሥራ አይደለም» ትላለች፤ ሐኪሙም አንዳንዴ ይህንኑ ይነግራታል። ሲኒየሩ በሬዚደንቶች ስብሰባ ላይ ሁለቱን ዓረፍተ ነገር የመስማት ግዴታ እንዳለባቸው በግልጽ ይንገራቸው።

ካልመጣ፦ 10 ደቂቃ ጠብቂ፣ ለሁለተኛው ተጠሪ ደውዪ። ሌላ 10 ደቂቃ፣ ለሲኒየሩ። የተደወለበት ሰዓት ሁሉ ቻርት ላይ ይጻፍ። ሲኒየሩ ሌሊት ስለተጠራ እንደማይቆጣ አስቀድሞ በጽሑፍ ያስታውቅ።

ደረጃ 6፦ ስህተት ሲፈጠር

በ72 ሰዓት ውስጥ ተቀመጡ። 20 ደቂቃ፣ የነበሩት ሰዎች ብቻ። ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው፦ ምን ይሆናል ብለን ጠበቅን? ምን ሆነ? ሌላ ሰው በዚያ ቦታ ቢሆን ይሳሳት ነበር? ለሦስተኛው መልሱ «አዎ» ከሆነ የሚቀየረው አሠራሩ ነው። ከስብሰባው ቢያንስ አንድ የሚቀየር ነገር፣ የሚሠራው ሰው ስምና ቀን ይውጣ።

ሐኪሙ ሲሳሳት በዝግ ቢሮ፣ ነርሷ ስትሳሳት በኮሪደር የሚነገርበት ዋርድ ስህተቱን ማየት ያቆማል፤ ሰው መደበቅ ይማራልና።

ደረጃ 7፦ ከባዱን ዜና ሐኪሙ ብቻውን አይንገር

በሽታው መመለሱን ወይም ሕክምናው ከዚህ በኋላ እንደማያድን ሐኪሙ ለቤተሰብ ሲናገር ልጁን የያዘችው ነርስ ትቀመጥ። ከስብሰባው በፊት 5 ደቂቃ ምን እንደሚባል ይንገራት። ሐኪሙ ከወጣ በኋላ እናትየው «ምን ማለቱ ነው?» ብላ የምትጠይቀው እሷን ነው፤ ሳታውቅ ከመለሰች ሁለት የተለያየ ወሬ ይወጣል፣ ቤተሰቡም ልጁን ይዞ ሊጠፋ ይችላል። ገቢያቸው ዝቅተኛ በሆኑ አገሮች ሕክምና አቋርጦ መጥፋት የሕፃናት ካንሰር ሕክምና ከማይሳካባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው።

ልጅ ሲሞት በዚያው ሺፍት የነበሩት ነርሶችና ሐኪሞች 10 ደቂቃ አብረው ይቀመጡ። አጀንዳ አያስፈልግም። የያዘችው ነርስ የሚቻል ከሆነ በዚያ ሰዓት አዲስ ታካሚ አትቀበል።

ደረጃ 8፦ እንዳይፈርስ

በየወሩ ሦስት ቁጥር ብቻ ተከታተሉ፦ ከትኩሳት እስከ አንቲባዮቲክ ያለፈው ጊዜ፣ ነርስ የተናገረችባቸው ራውንዶች ብዛት፣ ስህተቱ ልጁ ጋ ሳይደርስ «ይቁም» ተብሎ የተያዘበት ጊዜ። ሦስተኛው ዜሮ ከሆነ አትደሰቱ፤ ምናልባት ማንም እየተናገረ አይደለም። ቁጥሮቹን የነርሶች ክፍል ውስጥ ለጥፉ። ራሷ ያፋጠነችውን ደቂቃ በዓይኗ ትየው።

ለአዲስ ነርስ ቢያንስ 2 ሳምንት ትምህርት፣ ከዚያ 3–4 ሳምንት ከነባር ነርስ ጋር ስጡ። ለሁሉም በዓመት ቢያንስ 10 ሰዓት ሥልጠና ያዙ፤ ግማሹን ሐኪሞችና ነርሶች አንድ ክፍል ተቀምጠው ይማሩት።

ሬዚደንቶች ሲቀያየሩ። አሠራሩ የሚፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ሬዚደንት በገባበት የመጀመሪያ ሳምንት ነው። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሄድ ነርሷ 15 ደቂቃ ትውሰድና የራውንዱን ቅደም ተከተል፣ የትኩሳት ሳጥኑን ቦታ፣ የሰዓት አጻጻፉንና የስልክ ዝርዝሩን ታሳየው። ሲኒየሩ አብሮ ይቁም። ሬዚደንቱ በወረቀቱ ላይ ይፈርም፣ የስልክ ቁጥሩንም በዚያው ዝርዝሩ ላይ ይጻፍ።